ሶል ያልተሰፋላቸው ጫማዎች፦ በካናዳ ለጠፉና ለተገደሉ ነባር ሴቶች በዶቃ የቆመ መታሰቢያ

ሞካሲን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከለፋ ቆዳ የሚሠሩት ለስላሳ ጫማ ነው። ከጣቶች በላይ ያለውን የእግር ጀርባ የሚሸፍነው የምላስ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ለብቻው ተቆርጦ በዶቃ ይጠለፍና በመጨረሻ ከቀሪው የጫማው አካል ጋር ይሰፋል። ጫማው ሲታይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ «የጫማ ፊት» እለዋለሁ። ከ2012 እስከ 2019 በካናዳ የተካሄደው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) «ከእህቶቻችን ጋር መራመድ» የተሰኘ የመታሰቢያ ሥራ እንዲህ ያሉ የጫማ ፊቶችን ከ1,800 ጥንድ በላይ ሰብስቦ ከከተማ ወደ ከተማ አዞረ። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ጥንድ ጫማ አልሆነም፤ እንዳይሆንም ታስቦበት ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር ማየት የፈለግሁት በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት «ግንዛቤ ለማስጨበጥ» ከሚዘጋጁት ሥራዎች ከብዙዎቹ የተለየ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ፖስተር፣ መፈክርና አንድ ቀን የሚውል ሰልፍ ናቸው። ይህኛው በመፈክር አልተመራም፤ እንዲያውም እንግዶቹ በአዳራሹ ውስጥ ፎቶግራፍ እንዳያነሡ ይጠይቅ ነበር፤ ወሬው እንዲሰራጭለት የሚሻ ዘመቻ ደግሞ ይህን አያደርግም። እንደ እኔ አስተያየት ሥራው ሰው ልብ ውስጥ የገባው ለቅሶውን ስላስቀደመ ነው፤ ግንዛቤ የተባለው ነገር ከለቅሶው በኋላ፣ በለቅሶው በኩል የመጣ ነው።

ለቅሶው ስለማን እንደነበረ ለመረዳት ከቁጥር መጀመር ግድ ይላል፤ ምክንያቱም የቁጥሩ ታሪክ ራሱ የበደሉ አካል ነው። የካናዳ ነባር ሴቶች ማኅበር የጠፉና የተገደሉ ሴቶችንና ልጃገረዶችን ስም ከቤተሰብ፣ ከጋዜጣና ከፍርድ ቤት መዝገብ እየለቀመ ሲመዘግብ ቆይቶ እስከ ማርች 2010 ድረስ 582 ጉዳዮችን አሰባሰበ። ይህን ሥራ የሠራው የሲቪል ማኅበር ነበር፤ ፖሊስ የሟችን ወይም የጠፊን ማንነት መመዝገቡ ከቦታ ቦታ ወጥ ስላልነበር አገር አቀፍ ቆጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት መንግሥት ለምዝገባው ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የፌዴራሉ ፖሊስ የራሱንና የሌሎችን ፖሊስ ጣቢያዎች መዛግብት አገላብጦ ከ1980 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት 1,017 ነባር ሴቶች መገደላቸውን፣ ከዚያ በፊት የጠፉትንም ጨምሮ 164 ደብዛቸው እንደጠፋ አስታወቀ፤ በድምሩ 1,181 ማለት ነው። ነባር ሴቶች ከአገሪቱ ሴቶች 4.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በእነዚያ ዓመታት ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ምክንያቱ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃውን ብቻ ላንሣ። በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ ነባር ያልሆነ ወንድ ያገባችን ሴት ሕጋዊ ማንነቷን ያስገፍፋት ነበር፤ ማንነቷን ስታጣ በትውልድ ቀዬዋ የመኖር መብቷም አብሮ ይሄድ ነበር። ይህ አንቀጽ እስከ 1985 ድረስ ቆየ። አብያተ ክርስቲያናት በመንግሥት ገንዘብ ያስተዳድሯቸው የነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልጆችን ከእናቶቻቸው ነጥለው ቋንቋቸውንና እምነታቸውን ሲያስረሱ ኖረዋል። ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከተሞች ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው አውራ ጎዳና 16 «የእንባ ጎዳና» የሚባለው ሊፍት ለምነው የተሳፈሩ ወጣት ሴቶች በተደጋጋሚ ስለጠፉበት ነው። በጎዳናው ዳር ያሉት ትንንሽ መንደሮች የረባ የሕዝብ ትራንስፖርት አልነበራቸውም፤ አውቶቡስ ይመደብልን የሚለው ጥያቄ በ2006 ስለዚሁ ጎዳና በተደረገ ጉባኤ ላይ በጽሑፍ ቀርቦ አውቶቡሱ የመጣው በ2017 ነው። አንዲት ሴት ሐኪም ቤት ለመድረስ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ መግባት ካለባት አደጋው ያለው በአንድ ክፉ ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

ወደ ዶቃው ልመለስ። በሰሜን አሜሪካ የመስታወት ዶቃ ከመግባቱ በፊት ሴቶች የሚጠልፉት በጃርት እሾህ፣ በዛጎል፣ በአጥንትና በዘር ፍሬ ነበር። የጃርቱን እሾህ በተክል ቀለም ነክረው፣ በአፋቸው አለስልሰው፣ በጥርሳቸው አስተካክለው ቆዳ ላይ ያስተኙታል። የቬኒስና የቦሄሚያ የመስታወት ዶቃ ከጸጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ጋር ሲመጣ ይኸው የእጅ ልማድ ወደ ዶቃው ተሻገረ። ከአውሮፓውያን አባቶችና ከነባር እናቶች የተወለደው የሜቲስ ሕዝብ በተለይ የአበባ ጥልፉ እጅግ ከማማሩ የተነሣ በጎረቤቶቹ ዘንድ «የአበባ ዶቃ ሰዎች» እስከ መባል ደርሷል። ከዚህ ጥልፍ ከፊሉ የአበባ ቅርጽ መነኮሳት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካስተማሩት የሐር ጥልፍ የተወሰደ ነው ይባላል፤ ልጆቹን ከእናታቸው ቋንቋ የነጠለው ቤት ለጥልፋቸው አበባ ማዋሱ ከዚህ ታሪክ ግራ አጋቢ ነገሮች አንዱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የተለመደው የአበባ ጥልፍ በሁለት መርፌ የሚሠራ ነው። አንዱ ክር ዶቃዎቹን ተሸክሞ በቆዳው ላይ በተሳለው መሥመር ይተኛል፤ ሁለተኛው ክር ከሥር እየወጣ በየሁለት ወይም በየሦስት ዶቃው መካከል የመጀመሪያውን ክር ጨብጦ ቆዳው ላይ ያስረዋል። ዶቃው በቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዶቃው ያንሳል። 11 ቁጥር የሚባለው፣ ብዙዎች የሚጠቀሙበት፣ ወርዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጥብቅ ከተሰፋ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ 30 ዶቃ ይገባል። የአንድ አዋቂ ጫማ ፊት ሙሉ በሙሉ በዶቃ የሚሸፈን ከሆነ ሺህ ዶቃ አልፎ መሄድ ቀላል ነው፤ ደግሞም ሁለት ፊት ነው የሚያስፈልገው፣ ሁለቱም መመሳሰል አለባቸው። ክሩ ይቋጠራል፣ መርፌው ይሰበራል፣ ጭስ የጠጣው የሙስ ቆዳ (ሙስ የሚባለው ግዙፉ የአጋዘን ዘር ነው) ወፍራም በሆነ ቦታ ጣት ያደማል። በብዙ ዶቃ ጠላፊዎች ዘንድ ደግሞ አንዲት ዶቃ ሆን ተብሎ በተሳሳተ ቀለም የምትገባበት ልማድ አለ፤ «የመንፈስ ዶቃ» ይሏታል፤ ፍጹም ሥራ የፈጣሪ ብቻ መሆኑን ለማስታወስ ናት።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። በእኛም ዘንድ ዶቃ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ «ጨሌ» የሚለው ቃል ሲነሣ ከአንገት ጌጥነቱ ይልቅ አድባሩና አውሊያው ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ዶቃ እንደ ቃል፣ እንደ ስእለት፣ እንደ መሐላ ሊያገለግል እንደሚችል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

የሥራው ጠንሳሽ ክሪስቲ ቤልኮርት ናት። የምትታወቀው በሥዕል ነው፤ ሸራ ላይ በቀለም ነጠብጣብ የምትሥለው አበባና ቅጠል ከሩቅ ሲታይ የተጠለፈ ዶቃ ይመስላል፤ የምትከተለውም የሜቲስን የአበባ ጥልፍ ነው። በጁን 2012 በፌስቡክ ጥሪ አቀረበች። የጠየቀችው 600 ጥንድ የጫማ ፊት ነበር። ይህ ቁጥር የመጣው በወቅቱ ይታወቅ ከነበረው የጠፉና የተገደሉ ሴቶች ግምት ነው፤ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ጥንድ። የመረከቢያው ቀነ ገደብ በጁላይ 2013 ሲደርስ ግን በፖስታ የደረሱት ጥንዶች ከ1,600 በልጠው ተገኙ። ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ሠርተዋቸዋል፤ ከካናዳ ውጭ የመጡም አሉባቸው፤ በጥልፉ ወንዶችም ተሳትፈዋል።

የዚህን ቁጥር ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥሪው ለ600 ወጥቶ ከ1,600 በላይ የመጣው በ2013 ነው፤ የፌዴራል ፖሊስ 1,181 ያለው በ2014 ነው። ዶቃ ጠላፊዎቹ ቆጠራ አላካሄዱም፤ ይሁንና ስድስት መቶ አይበቃም ያሉት ከመንግሥት ቀድመው ነው፤ ብዙዎቹ የላኩት ስለሚያውቋት ሴት፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ አክስታቸው፣ አብራቸው ስለተማረች ልጅ ስለነበር። ቁጥር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ስንመለከት ለኖርን ሰዎች ይህ ከታች ወደ ላይ የሄደ ቁጥር ነው።

የመጣው ሁሉ ተቀባይነት አገኘ። ዳኛ አልተሰየመም፣ ደካማ ነው ተብሎ የተመለሰ ሥራ የለም። ዕድሜ ልኩን የጠለፈ ሰው ሥራ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘ ሰው ሥራ ጎን ተቀመጠ። በዶቃ ብቻም አልተወሰነም፤ በጃርት እሾህ፣ በሙስ ጸጉር፣ በክር ጥልፍ፣ በቀለም የተሠሩም አሉ። በብዙ ከተሞችና መንደሮች ሴቶች ማታ ማታ ተሰብስበው አብረው የሚጠልፉበት ማኅበር ተቋቋመ። ጥልፍ ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ዓይን ወደ ታች ሲያይ አፍ ይፈታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ስለ እህትሽ ንገሪን» ቢባል የማይወጣው ነገር ዶቃ እየለቀሙ ሳለ ይወጣል። ቡና ሲፈላ ወይም ጥጥ ሲፈተል የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። የጫማ ፊቶቹ ጫማ ሳይሆኑ የቀሩት ባለቤቶቻቸው ሕይወታቸውን ሳይጨርሱ ስለቀሩ ነው። ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ጥንካሬውም ቀላልነቱ ነው። አንድ ሙያተኛ የተጀመረ ነገር ሳይጨርስ መተው ምን ያህል እንደሚከብደው ያውቃል፤ ጠላፊዋ ወራት የፈጀችበትን ጥንድ ሶልና ተረከዝ ሳታበጅለት ጠቅልላ ፖስታ ቤት ስትወስድ ሥራው ያለ እግር እንደሚቀር እያወቀች ነው። በእኛ አገር በሰው አገር የሞተ፣ አስከሬኑ ያልመጣ ሰው ሲለቀስለት ልብሱና መሣሪያው ወጥቶ በአደባባይ የሚታይበት የቆየ ልማድ አለ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ከ164ቱ ጠፊዎች ወገን የሆነ ቤተሰብ ቀብር የለውም፤ ስለዚህም የማልቀሻ ቀን የለውም። የጫማው ፊት ያንን ክፍተት የሚይዝ ዕቃ ሆነ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን በኦክቶበር 2013 በኤድመንተን ተከፈተ። «ኤግዚቢሽን» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ሌላ ስላጣሁ ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ሥራውን የሚጠሩት «የተቀደሰ ጥቅል» እያሉ ነበር። በነባር ሕዝቦች ሥርዓት የተቀደሰ ጥቅል ጠባቂ ያለው፣ ሲፈታም ሲታሰርም ጸሎት የሚደረግለት ንዋይ ነው። ጥቅሉ ወደ አንድ ከተማ ሲሄድ ከመድረሱ በፊት የዚያ አካባቢ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ቤተሰቦች ለወራት ይሰበሰቡ ነበር፤ አቀማመጡን፣ የመግቢያውን ሥርዓት፣ የሚዘመረውን ዜማ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በዚህ ምክንያት ኤድመንተን የታየው አቀማመጥ ዊኒፔግ ወይም የሎናይፍ ወይም ሃሊፋክስ ከታየው ጋር አንድ አልነበረም።

እንግዳው ደጅ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ሴጅ የተባለው መዓዛማ ቅጠል እየጨሰ ይታጠናል፤ ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱና ወደ ደረቱ ይስባል። በግራ እጁ እንዲይዘው ቁንጥር ትምባሆ ይሰጠዋል፤ ትምባሆ በዚያ ሕዝብ ዘንድ የጸሎት መባ ነው። ወለሉ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከጨርቁ ሥር የጽድ ዘመድ የሆነው የሴዳር ቅጠል ተነጥፏል። የጫማ ፊቶቹ ግድግዳ ላይ አልተሰቀሉም፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ አልገቡም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ወንዝ ተዘርግተዋል፤ እንግዳው በባዶ እግሩ ወይም በካልሲው ከጎናቸው ይራመዳል። ለማየት ማጎንበስ አለበት። አንዱ ላይ ጽጌረዳ አለ፣ አንዱ ላይ ወፍ፣ አንዱ ላይ የሰው መልክ፣ አንዱ ላይ ባዶ ቆዳ ይበዛል። ጭስ የጠጣ ቆዳ ሽታው አይለቅም፤ አዳራሹ ቤት ቤት ይሸታል። የሽማግሌዎችና የበጎ ፈቃደኞች እጅ ቅርብ ነው፤ እግሩ የከዳው ሰው ብቻውን አይቀርም።

ጫማ አውልቆ ወደ ተቀደሰ ቦታ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማብራራት ከንቱ ድካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እዚህ ቦታ ላይ ጫማ የማውለቅ ሥርዓቱ ሌላም ሥራ ይሠራል። ጫማ ያለው ሰው ጫማ ያላገኙት አጠገብ ሲቆም ጫማውን ትቶ ነው።

በጥቅሉ ላይ በኋላ ከ100 ጥንድ በላይ የሕፃናት ጫማ ፊቶች ተጨመሩ። ምክንያቱ ቦታው ነው። በ2014 ጥቅሉ ወደ ሶልት ሴንት ማሪ ሊሄድ ሲል የሚያርፍበት የአልጎማ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ሺንግዋውክ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ከእነዚያ ቤቶች ወደ ወላጆቻቸው ላልተመለሱ ልጆችም የጫማ ፊት እንዲሠራ ተጠየቀ። ከመዳፍ የሚያንስ ቆዳ ላይ የሚጠለፍ ዶቃ ለመሥራት ይከብዳል፤ ለማየት ደግሞ የባሰ ነው። በዚህ ጭማሪ መታሰቢያው የአንድ ዘመን ወንጀል መዝገብ ከመሆን አልፎ እናቶቹን ከልጆቻቸው፣ የዛሬውን ግድያ ከትናንቱ ነጠቃ ጋር በአንድ ወለል ላይ አገናኘ። የመንግሥት ዘገባዎች ይህን ግንኙነት ለማስረዳት ብዙ ምዕራፍ ፈጅተዋል።

ስለ ገንዘቡ መናገር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነውና። ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የቆመ ነበር፤ ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው የአካባቢው ሰዎች በሚያዋጡትና በሚያዘጋጁት የገቢ ማሰባሰቢያ ነው። ነጻነቱን በዚህ ጠበቀ፤ የ582ቱ መዝገብ ገንዘቡ ሲቋረጥ ምን እንደደረሰበት ያየ ሰው ጥንቃቄውን ይረዳዋል። ዋጋ ግን አስከፍሏል። ስድስት ዓመት ያህል ከሁለት ደርዘን በላይ ቦታዎች ጥቅሉን የጫኑት፣ የፈቱት፣ ከሐዘንተኛ ጋር ያለቀሱት ሰዎች አብዛኞቹ ነባር ሴቶች ናቸው፤ ራሳቸው ሐዘንተኞች ናቸው። በደል የደረሰበት ወገን በደሉን የማስረዳቱንም ሸክም ያለ ደመወዝ እንዲሸከም መሆኑ የዚህ ዓይነት ሥራ ሁሉ ጥላ ነው፤ «ከእህቶቻችን ጋር መራመድ»ም ከዚህ ነጻ አልነበረም። የሚያደንቀው ሰው ይህንንም አብሮ ሊያይ ይገባል።

ጥቅሉ ሲዞር ፖለቲካውም ይንቀሳቀስ ነበር። በኦገስት 2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር አገር አቀፍ ምርመራ ይደረግ የሚለውን ጥያቄ ሲቃወሙ ነገሩ እንደ ማኅበራዊ ክስተት ሳይሆን እንደ ወንጀል መታየት አለበት አሉ። እያንዳንዱ ግድያ ለየብቻው ወንጀል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ከሺህ በላይ ጥንድ በአንድ ወለል ላይ ተደርድሮ ያየ ሰው ግን ለየብቻ ማየቱን ይዞ ለመቆየት ይቸገራል፤ የዶቃው መልስ ይህ ነበር፤ ክርክር ውስጥ ሳይገባ። በ2015 መንግሥት ተለወጠ፤ ብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር 2016 ሥራ ጀመረ፤ በጁን 3 ቀን 2019 የመጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ። ሪፖርቱ የተፈጸመውን «ዘር ማጥፋት» ብሎ ጠርቶ 231 የፍትሕ ጥሪዎችን ዘረዘረ። ከኮሚሽኑ ጋር ከተሳተፉት 2,380 ያህል ሰዎች ውስጥ 819ኙ ምስክርነታቸውን ያቀረቡት በሥነ ጥበብ ሥራ ነው። ኮሚሽኑ ጥልፍን፣ ሥዕልንና ግጥምን ከቃል ምስክርነት ጎን አስቀምጦ ተቀብሏል። ይህን ያደረገው በጫማ ፊቶቹ ምክንያት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ በ2019 የካናዳ ሕዝብ ዶቃ ሊመሰክር እንደሚችል ማወቁ ግን ከየትም አልመጣም።

በዚሁ ጊዜ ሌሎችም በዶቃ ሠርተዋል። በ2018፣ አሜሪካ ውስጥ ስታንዲንግ ሮክ በተባለው የነባር ሕዝቦች መኖሪያ የተወለደው ሠዓሊ ካኑፓ ሃንስካ ሉገር ከአሜሪካና ከካናዳ ሰዎች እያንዳንዳቸው በእጃቸው የሸክላ ዶቃ ድቡልቡል እንዲሠሩ ጠርቶ ከ4,000 በላይ ሰበሰበ፤ ዶቃዎቹን በቀለም ነክሮ ሰቀላቸውና ከሩቅ ሲታዩ የአንዲት ሴትን መልክ ሰጡ። መልኩ የተወሰደበት ፎቶግራፍ የካሊ ስፒትዘር ነው። ውበቱ አያጠያይቅም። የሁለቱ ሥራዎች ልዩነት ግን አስተማሪ ነው፦ በሉገር ሥራ አራት ሺሁ ዶቃ አንድ ፊት እንዲሆን ተሰብስቧል፤ በጫማዎቹ ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ጥንድ ለየራሱ ፊት ሆኖ ቀርቷል። እኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ ቁጥር የሚያስፈራው ሲደመር ነው፣ ሰው የሚታየው ግን አንድ በአንድ ነው።

ከዚህ ቀለል ባለ መንገድ ደግሞ በዶቃ የተሠራች ትንሽ ቀይ ቀሚስ በጆሮ ጉትቻነትና በደረት ጌጥነት ተስፋፍታለች። መነሻው ጄይሚ ብላክ ከ2010 ጀምሮ ባዶ ቀይ ቀሚሶችን በአደባባይ በመስቀል የሠራችው ሥራ ነው፤ ሜይ 5 በየዓመቱ የቀይ ቀሚስ ቀን ሆኖ ይከበራል። ጉትቻዋን ብዙ ነባር ሴቶች ሠርተው ይሸጧታል፤ ከሚያገኙት ለቤተሰቦች የሚለግሱም አሉ። በፋብሪካ አምርቶ የሚቸበችብ ነጋዴ ግን አልጠፋም፤ ጠላፊዎችም በዚህ በግልጽ ይቆጣሉ። ቁጣቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ዶቃ የሚናገረው በውስጡ ባለፈው ጊዜ ነውና፣ ማሽን በሰከንድ የተፋው ቀይ ቀሚስ ያንን አይናገርም።

ታዲያ ሥራው ምን ለወጠ? ግድያ አላስቆመም፤ አስቆማለሁም አላለም። የሚለካ ውጤት የሚጠይቅ ለጋሽ ቢኖረው ኖሮ ሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው ነገር ያጥረው ነበር። በእርግጠኝነት የሚታየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዶቃ መጥለፍ ከሴት አያቶች ጋር ሊቀር በተቃረበባቸው ማኅበረሰቦች ወጣት ሴቶችና ወንዶች መርፌ ማንሣታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ራሱ በአደባባይ መመለሱ ነው። የካናዳ ሕግ የነባር ሕዝቦችን ሃይማኖታዊ ሥርዓቶች ከ1885 ጀምሮ ሲከለክል ቆይቶ ክልከላው ከሕጉ የወጣው በ1951 ነው። የዩኒቨርሲቲና የሙዚየም አዳራሾች በሴጅ ጢስ ታጥነው፣ ሽማግሌዎች የሚሉትን ሲያደርጉ ማየት የክልከላውን ዘመን በሕይወት ለሚያስታውስ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥቅሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታው በኦገስት 2019 በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር በባቶሽ ነው። ባቶሽ ሜቲሶች በ1885 በካናዳ ጦር የተሸነፉበት ሜዳ ነው፤ ዛሬ በየበጋው የሚሰባሰቡበት ቀዬ ነው። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ዙሩ አበቃ።

በሜይ 2022 ዊኒፔግ ውስጥ ሁለት ነባር ሴቶች ተገደሉ። ፖሊስ አስከሬናቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ፕሬይሪ ግሪን የቆሻሻ መጣያ ውስጥ መሆኑን ቢያምንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍለጋው አይቻልም አለ፤ በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም እምቢ አለ። ቤተሰቦቹ መንገድ ዘግተው፣ ድንኳን ተክለው ተሟገቱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፍለጋው በዲሴምበር 2024 ተጀመረ፤ በ2025 መጀመሪያ ወራት ሁለቱም ተገኙ። ሴቶቹ የተገደሉት የባቶሹ ሥርዓት ከተፈጸመ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ከ1,800ዎቹ ውስጥ እነሱን አስቦ የተጠለፈ ጥንድ የለም።